የገጠር ቀበሌ ምክር ቤት ጉባኤ ሲጠራ ምን ምን መሟላት አለበት? (አማራ ክልል)

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁም። በአማራ ክልል ያለ አንድ የገጠር ቀበሌ የካቲት መጨረሻ ላይ የምክር ቤት ጉባኤ ሊጠራ ነው። እስካሁን የተያዙት አጀንዳዎች አራት ናቸው፦ የስድስት ወር የሥራ ሪፖርት፣ አንድ የወል ግጦሽ መሬት ከንክኪ ነፃ ማድረግ፣ ለመማሪያ ክፍል ግንባታ የኅብረተሰብ መዋጮ፣ በለቀቀ የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ምትክ ሌላ መሾም።

ጥያቄዎቼ፦ ምክር ቤቱ የተመረጠው በሚያዝያ 2005 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የአካባቢ ምርጫ አልተደረገም። ከአባላቱ የሞተ አለ፣ ከተማ የገባ አለ፣ ዓረብ አገር የሄደች አለች። ታዲያ ምልዓተ ጉባኤው ከስንት ይቆጠራል? የትኛው ጉዳይ ምክር ቤት መግባት አለበት፣ የትኛውስ በካቢኔ ያልቃል? ያለፉት ቃለ ጉባኤዎች ከወረዳ «ውሳኔው አይታወቅም» እየተባሉ ይመለሳሉ፤ ምን ቢጻፍ ነው የሚቀበሉት? የመዋጮው ገንዘብስ በማን እጅ ይግባ? የምታውቁ ብትጽፉልኝ።

የጉባኤ ሰው

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ነው የሚመዘዘው።

በ1994 በተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ቀበሌ ሦስት አካል አለው፦ ምክር ቤት፣ አስተዳደር (ሁላችንም ካቢኔ የምንለው) እና ማኅበራዊ ፍርድ ቤት። ችግሩ ካቢኔው በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ ይሰበሰባል፣ ምክር ቤቱ ግን በሩብ ዓመት አንዴ ቢገናኝ ነው። ካቢኔው ውስጥ ሊቀመንበሩና ምክትሉ፣ የጸጥታ ኃላፊው፣ የግብርና ባለሙያው፣ ርዕሰ መምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ሥራ አስኪያጁ አሉ። መረጃው ሁሉ እነሱ ዘንድ ስለሆነ ሳይታወቃቸው የምክር ቤቱን ሥራ ይሠሩና «ምክር ቤቱ ወስኗል» ብለው ደብዳቤ ያወጣሉ። ነዋሪው አቤት ሲል ወረዳ ቃለ ጉባኤ ይጠይቃል፣ ቃለ ጉባኤ የለም፤ ውሳኔው ወድቆ ይቀራል።

መለያው ቀላል ነው። ጉዳዩ ስብሰባው ላይ የሌለውን ነዋሪ ኪስ፣ ጉልበት ወይም ግጦሽ የሚነካ ከሆነ ምክር ቤት ይግባ። ዓመታዊ ዕቅድ፣ መዋጮ፣ የወል ሀብት አጠቃቀም፣ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ዝርዝር፣ ሹመትና ሽረት የምክር ቤት ናቸው። ካቢኔው የተወሰነውን ያስፈጽማል፦ እርከኑ ሰኞ ከየትኛው ጎጥ ይጀመር፣ ማን ያስተባብር፣ ስንት አካፋና ዶማ ይውጣ። ወንጀል የፖሊስ ነው፤ የሁለት ሰዎች የድንበር ክርክር የሽማግሌና የፍርድ ቤት ነው። እነዚህ ለምክር ቤትም ለካቢኔም አጀንዳ አይሆኑም።

አንድ ነገር አይረሳ፦ የገጠር ቀበሌ የራሱ በጀት የለውም። የባለሙያዎቹን ደመወዝ የሚከፍለው ወረዳው ነው። ስለዚህ «የበጀት ማጽደቅ» የሚል አጀንዳ ከወረዳው ቅጽ ላይ ተገልብጦ ከመጣ አውጡት፤ እናንተ የምታጸድቁት ዕቅድና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ነው።

ጉባኤውን የሚጠራውም የሚመራውም አፈ ጉባኤው ነው። ሊቀመንበሩ ሪፖርት አቅራቢ ነው፤ ሰብሳቢ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ለገዛ ሪፖርቱ ዳኛ ሊሆን ነው። በብዙ ቀበሌ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማይክራፎኑ ሊቀመንበሩ ዘንድ ይቀራል። ወንበሩን ማራራቅ ብቻውን ብዙ ይለውጣል።

ጥሪው ቢያንስ ከሳምንት በፊት፣ አጀንዳው ተጽፎ፣ በየጎጡ ተወካይ በኩል ይድረስ። ተወካዩ የደረሳቸውን አባላት ስም ላይ አስፈርሞ ወረቀቱን ይመልስ፤ ያልመጣ ሰው «አልሰማሁም» ሲል መልሱ እሱ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ማስነገርና ገበያ ላይ ማስለፈፍ ይጠቅማል፤ ጥሪውን ግን አይተካም።

ቀኑን ስትመርጡ ገበሬው በሬ የማይጠምድበትን ቀን ያዙ፦ 21፣ 27፣ 29። የየካቲት መጨረሻ የምትሉት በአብዛኛው ዓመት ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው፤ በሥራ ቀን ቅዳሴው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት 3 ሰዓት ጀምራችሁ 6 ሰዓት ላይ ጨርሱ። ሙስሊም አባላት ካሉ ዓርብን ተዉት። የገበያ ቀን የጠራ ሰው ምልዓተ ጉባኤ ጎደለ ብሎ አይከስ።

ሪፖርቱን በተመለከተ፦ ከጉባኤው በፊት ቋሚ ኮሚቴው ይየው። «95 በመቶ ተከናውኗል» የሚል ሪፖርት ለአንድ ሰዓት ተነብቦ ጥያቄ የማይነሳው፣ በመቶኛ ላይ የሚጠየቅ ነገር ስለሌለ ነው። በአንድ ገጽ፣ በጎጥ ተከፋፍሎ ይምጣ፦ እርከን ስንት ኪሎ ሜትር ታቀደ፣ ስንት ተሠራ፤ ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ስንት አባወራና እማወራ አደሱ፣ ስንት ቀሩ፤ የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ግብር ከየጎጡ ስንት ሰው ከፈለ። አባሉ የራሱን ጎጥ ቁጥር ሲሰማ ያን ጊዜ እጅ ያወጣል።

«ልዩ ልዩ» የሚባለውን አጀንዳም ተጠንቀቁት። ሰው ግማሹ ከተበተነ በኋላ ከባዱ ውሳኔ የሚሾልከው በሱ በኩል ነው። በልዩ ልዩ ማስታወቂያና መረጃ ብቻ ይነገር፤ ውሳኔ የሚፈልግ ነገር ከተነሳ ለሚቀጥለው ጉባኤ ይያዝ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ። 200 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት ከሆነ 101 ሰው። የጎደሉትም ቢሆኑ መቀመጫው አለ፤ ከ200 ቁጠሩ።

ደንብ ይከበር

በመጨረሻው አንቀጽ አልስማማም። የሞተን ሰው አባል ብሎ መቁጠር ምን ይባላል? በሞት ወይም ቀበሌውን ለቆ በመሄድ አባልነቱ ያበቃ ሰው ከመዝገብ ይነሳል፤ ቆጠራው ባሉት ላይ ነው። አለዚያ 200 ተመርጠው 70ው ከሌሉ፣ ከቀሩት 130 ውስጥ 101 ማምጣት አለባችሁ ማለት ነው። በእርሻ ወቅት ይህን የሚያሟላ ቀበሌ የለም።

ደግሞ የበለጠ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ብዙ ቦታ የጎደለውን ለመሙላት «ተተኪ አባል» እየተባለ ስብሰባ ላይ በእጅ ማውጣት ሰው ይሰየማል። የምክር ቤት አባል የሚኮነው በምርጫ ነው፤ ምርጫ የሚያስፈጽመው ደግሞ ምርጫ ቦርድ ነው። በጭብጨባ የገባ ሰው ድምፅ የተቆጠረበት ውሳኔ ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ የሚመታው በዚህ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ካሏችሁ በታዛቢነት ይቀመጡ፣ ሐሳብም ይስጡ፤ ድምፃቸው ግን አይቆጠር።

የጉባኤ ሰው

ስለ ተተኪው ልክ ነህ፣ እኔ መጻፍ ነበረብኝ። ስለ ቆጠራው ግን «ያሉት» የሚለውን ማን ያጣራው? መዝገቡ ሳይስተካከል ሰው በቃሉ «እሱኮ ከሄደ ቆይቷል» እያለ ቁጥሩን እንደፈለገ ያወርደዋል። የማይጠቅም አባል ሲሆን «ሄዷል»፣ ሲጠቅም «ለጊዜው ነው የሄደው» ይባላል።

መካከለኛው መንገድ ይህ ነው። የጉባኤው የመጀመሪያ አጀንዳ የአባላት መዝገብ ማጣራት ይሁን። ጸሐፊው ስሞቹን በጎጥ በጎጥ ያንብብ፤ የሞተው የሞት ምዝገባው ቁጥር፣ የለቀቀው መሸኛ የወሰደበት ቀን በስሙ ትይዩ ይጻፍ። መሸኛ ሳይወስድ የጠፋ ሰው ለብቻው «ያለበት የማይታወቅ» ተብሎ ይያዝ፤ እሱን አትሰርዙ። ውጤቱ በቃለ ጉባኤ ጸድቆ ለወረዳው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ይላክ። ለዚህኛው ጉባኤ ግን ለሁለቱም ቆጠራ የሚበቃ ሰው ለማምጣት ሞክሩ፤ 101 ከተገኘ ክርክሩ ራሱ አይነሳም።

ቃለ ጉባኤ

ሦስተኛውን ጥያቄ ልውሰድ። ወረዳ ቃለ ጉባኤ የሚመልሰው በአብዛኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው፦

«ስለ ግጦሽ መሬቱ በሰፊው ከተወያየን በኋላ በጋራ ተስማምተናል።»

በምን ተስማማችሁ? የትኛው መሬት? ከመቼ እስከ መቼ? ማን ያስፈጽም? ይህ የተወያያችሁ መሆኑን እንጂ የወሰናችሁትን አይናገርም። ሊቆም የሚችል ውሳኔ ይህን ይመስላል፦

«አጀንዳ 3፦ የወል ግጦሽ መሬትን ስለመከለል። በላይ ጎጥ የሚገኘውና በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ የመኪና መንገድ፣ በሰሜን የቤተ ክርስቲያን ደን፣ በደቡብ የአርሶ አደሮች ማሳ የሚያዋስነው የወል ግጦሽ መሬት ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30 ከከብት ንክኪ ነፃ ሆኖ እንዲቆይ፣ ሣሩ ከጥቅምት 1 ጀምሮ ለጎጡ ተጠቃሚዎች እኩል ተመድቦ እንዲታጨድ፣ አፈጻጸሙን የግብርና ባለሙያውና የጎጡ ኮሚቴ ተከታትለው በሚቀጥለው ጉባኤ ሪፖርት እንዲያቀርቡ በ112 ድጋፍ፣ በ6 ተቃውሞና በ3 ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል።»

ድምሩን አያችሁ? 121 ነው። የተገኙት አባላት ቁጥር በቃለ ጉባኤው ራስ ላይ «ወንድ 78፣ ሴት 43፣ ድምር 121» ተብሎ ከተጻፈ ሁለቱ መግጠም አለባቸው። ድምፁ 121 ሆኖ ተሰብሳቢው 96 የሆነበት ቃለ ጉባኤ ያጋጥማል፤ «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ማለፍ የለመደ ጸሐፊ ቆጥሮ ስለማያውቅ ነው። የተቃወሙትን ስድስት ሰዎች ሐሳብ በሁለት መስመር ጻፉ። ተቃውሞ የተጻፈበት ቃለ ጉባኤ እንዲያውም የበለጠ ይታመናል።

ሌላው የተገኙት አባላት የሚፈርሙበት ወረቀት ነው። አብዛኛው ቀበሌ አባላቱን የሚያስፈርመው ከደብተር በተቀደደ ልሙጥ ወረቀት ላይ ነው፦ ስም፣ ፊርማ፣ አበቃ። ቀን የለውም፣ አጀንዳ የለውም። ያ ወረቀት ከሦስት ወር በኋላ ከሌላ ቃለ ጉባኤ ኋላ ተሰክቶ ሊገኝ ይችላል፤ ሰዎቹ ፈርመዋል፣ የፈረሙት ግን ለዚያ ጉዳይ አይደለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦

ፊርማው በራሱ በቃለ ጉባኤ መዝገቡ ላይ፣ ከውሳኔው ቀጥሎ ባለው ገጽ ይሁን። ወረቀት ካነሰ በተጨማሪው ወረቀት አናት ላይ ቀን፣ የጉባኤው ተራ ቁጥርና አጀንዳዎቹ ይጻፉ። ከመጨረሻው ስም በታች ያለው ባዶ መስመር በሰያፍ ይሰረዝ። መፈረም የማይችል ሰው የአውራ ጣት አሻራ ያድርግ፤ ስሙን የጻፈለት ሰው ደግሞ ጎኑ ላይ ይፈርም። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሠላሳ አሻራ በተከታታይ ያለበት ገጽ ማን የማን እንደሆነ ማንም አያውቀውም።

መዝገቡ የተጠረዘና ገጹ ቁጥር ያለው ይሁን። ስሕተት ሲኖር በአንድ መስመር ሰርዞ ጎኑ ላይ መፈረም እንጂ በማጥፊያ መደለዝ አይቻልም። ቃለ ጉባኤው እዚያው ሰው ሳይበተን ይነበብ፤ «በኋላ አስተካክዬ እጽፈዋለሁ» የሚል ጸሐፊ የሚያስተካክለው ነገር አያጣም። ቅጂው ማኅተም ተደርጎበት፣ ወጪ ቁጥር ተሰጥቶት በሳምንት ውስጥ ወረዳ ይግባ።

ስለ ማኅተም ካነሳሁ፦ ማኅተም የቢሮ ዕቃ ነው፣ የሊቀመንበር ኪስ ዕቃ አይደለም። ቢሮ ተቆልፎበት ይደር። ባዶ ወረቀት ላይ ማኅተም እንዳይመታ፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የድጋፍ ደብዳቤም አይውጣ፤ ደብዳቤው የሚሄድበት መሥሪያ ቤት ስም ይኑረው። ወጪ መዝገብ ላይ ያልተመዘገበ ደብዳቤ ከቀበሌው እንዳልወጣ ይቆጠር፤ ይህንንም ነዋሪው እንዲያውቀው በር ላይ ለጥፉት።

ሞዴል 64

የገንዘቡን ጥያቄ እኔ ልመልስ። መጀመሪያ፣ በካቢኔ አባል እጅ አይግባ፤ በሊቀመንበርም በሥራ አስኪያጅም። ጉባኤው የግንባታ ኮሚቴ ይሰይም፦ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ያዥ፣ ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ቢያንስ አንድ ሰው። ሂሳብ የሚመረምሩ ሁለት ሰዎች ከኮሚቴው ውጭ ይመረጡ። ገንዘብ ያዡና ሰብሳቢው የሥጋ ዘመድ ወይም አማችና አማት አይሁኑ፤ በገጠር ይህን ማሟላት ቀላል አይደለም፣ ግን ፈልጉ።

ስሌቱ ጉባኤው ላይ በግልጽ ይቀመጥ። ለምሳሌ በቀበሌው 420 አባወራና እማወራ አለ እንበል። አቅመ ደካማ፣ ጧሪ የሌለው አረጋዊ፣ የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ ተለይቶ 35 ሰው ነፃ ቢወጣ 385 ይቀራል። በአባወራና በእማወራ 300 ብር ከሆነ የሚጠበቀው 115,500 ብር ነው። ነፃ የሚወጡት ስም ዝርዝር እዚያው ይነበብና ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ። ይህ ካልተደረገ በኋላ ላይ ያልከፈለ ሁሉ «እኔም ነፃ ነኝ ተብያለሁ» ይላል፤ የከፈለ ደግሞ «የሊቀመንበሩ ወንድም ለምን ቀረ» ብሎ ይጠይቃል።

በዓይነትና በጉልበት የሚከፈለውንም አብራችሁ ተምኑ። ድንጋይ በጋሪ ወይም በቢያጆ፣ አሸዋ በቢያጆ፣ የባሕር ዛፍ አጣና በቁጥር፣ ጉልበት በሰው ቀን። አምስት ቀን ድንጋይ የለቀመ ሰው ከ300 ብሩ ስንት ይቀነስለታል? ይህ ካልተወሰነ ጉልበት የሰጠውም ብር የሰጠውም ተበደልኩ ይላል።

አሰባሰቡ ላይ ነው ብልሽቱ። የልማት ቡድን መሪው በየቤቱ እየዞረ ብር ይቀበላል፣ ደብተሩ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ «ደረሰኙን ከቀበሌ ትወስዳላችሁ» ይላል። ደረሰኙ አይመጣም። ቡድን መሪው ሰርቆ ላይሆን ይችላል፤ የሦስት ጎጥ ብር በአንድ ኪስ ሲቀላቀል የማን እንደሆነ ይጠፋዋል። ደንቡ አንድ ነው፦ ደረሰኝ ሳይቆረጥ ብር አይያዝ። ደረሰኙ ከወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በቁጥር የሚወጣው ሞዴል 64 ነው፤ ከሱቅ የተገዛ ደረሰኝ አይሠራም። ጥራዙን የተረከበው ሰው ከቁጥር ስንት እስከ ስንት እንደወሰደ ይፈርም፤ ሲመልስም የተበላሸው ቅጠል ከነቅጂዎቹ ጥራዙ ውስጥ ይቆይ። የጎደለ ቅጠል ማለት የጎደለ ብር ማለት ነው።

የገባው ብር በጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ይግባ። ባንኩ ሩቅ ከሆነ የሳምንቱ የገበያ ቀን የማስገቢያ ቀን ይሁን፤ ከዚያ በላይ ብር በሰው ቤት አይደር። በየወሩ መጨረሻ ሦስት ቁጥር ይተያይ፦ የተቆረጡት ደረሰኞች ድምር፣ የባንክ ስሊፖች ድምር፣ የስም ዝርዝሩ ላይ «ከፍሏል» የተባሉት ድምር። ሦስቱ ካልገጠሙ ግንባታው አይቀጥል።

ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሲመጣ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጥ፣ ሲወጣ ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ)። «ለሥራው ስለሆነ ያው ነው» ተብሎ ከመኪና በቀጥታ ወደ ግንባታው የሄደ ሲሚንቶ ስንት ኩንታል እንደነበር በኋላ የሚመሰክር ሰው አይገኝም።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ «መዋጮ ያልከፈለ መታወቂያ አይታደስለትም»፣ «ማዳበሪያ አይሰጠውም» የሚል ውሳኔ ጉባኤው እንዳያሳልፍ። የኅብረተሰብ ተሳትፎ በፈቃደኝነት የሚሰጥ ነው፤ አገልግሎት መያዣ ማድረግ ሕጋዊ መሠረት የለውም። ነዋሪው ወደ ወረዳ ወይም ወደ እንባ ጠባቂ አቤት ካለ የሚጠየቀው ቃለ ጉባኤውን የፈረመው ሰው ነው። ያልከፈለ ሰው በቡድኑና በሽማግሌ ይመከር፤ ከሁሉ በላይ ግን የከፈሉት ስምና የወጣው ወጪ በየወሩ ይለጠፍ። ብሩ የት እንደገባ ያየ ሰው ሳይጎተጎት ይከፍላል።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ

በጣም አመሰግናለሁ፤ አትሜ ለአፈ ጉባኤው እሰጠዋለሁ። አንድ የተጨመረ ነገር አለ። ከሚከለለው ግጦሽ ላይ ጥግ ላይ ያለችው ቁራሽ ለተደራጁ ወጣቶች ለከብት ማድለቢያ ትሰጥ የሚል ሐሳብ ከካቢኔ መጥቷል። በዚሁ አጀንዳ 3 ላይ አብሮ ማስወሰን ይቻላል?

አዋሳኝ

አይቻልም፤ አትቀላቅሉት። መከለል አጠቃቀምን መወሰን ነው፣ ማስተላለፍ ደግሞ ይዞታን መለወጥ ነው። ምክር ቤት መሬት አይሰጥም።

የወል መሬት ለወጣቶች ሲሆን መነሻው ተጠቃሚው ሕዝብ ነው። የዚያ ግጦሽ ተጠቃሚ የሆኑት ጎጦች (መላው ቀበሌ ሳይሆን) ለብቻቸው ተሰብስበው ይወያዩ፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ቀጥሎ የቀበሌው መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ቦታው ላይ ወጥቶ በአራቱ አቅጣጫ ያሉትን አዋሳኞች እያቆመ ይለካ። የውኃና የመንገድ ሁኔታ ይጻፍ። ከዚያ ምክር ቤቱ የድጋፍ ወይም የተቃውሞ አስተያየቱን ሰጥቶ ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይልካል። የሚወስነውና የሚመዘግበው ወረዳው ነው። ወጣቶቹ ከምዝገባው በፊት አጥር ካጠሩ ነገሩ የወረራ መልክ ይይዛል፤ በኋላ ሕጋዊ ማድረጉ እጥፍ ሥራ ነው።

ውርስ፣ ስጦታና ኪራይም እንዲሁ ናቸው፦ ቀበሌው ያጣራል፣ ያስተላልፋል፤ መዝገቡ ያለው ወረዳ ነው። አረንጓዴው ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ካለ ሁለቱም ይቅረቡ። ባል ብቻውን መጥቶ «ሚስቴ ተስማምታለች» ቢል ቅጹን አትቀበሉ።

አሁን ወደ መከለሉ። ቃለ ጉባኤ የተባለው ወንድማችን ያስቀመጠው ውሳኔ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። በምሥራቅ በኩል ወንዝ ነው ብሏል። ከብቱ ውኃ የሚወርደው በዚያው ግጦሽ ውስጥ አቋርጦ ከሆነ ክልከላው ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም፤ ውኃ ያልጠጣ ከብት አጥር ያፈርሳል፣ ጠባቂውም አይከለክለውም። ስለዚህ በውሳኔው ላይ የከብት መውረጃ ይኑር፦ ስፋቱ (ሁለት መንጋ ሲተላለፍ የማይጠብ፣ ቢያንስ 10 ሜትር ብትይዙለት ጥሩ ነው)፣ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ፣ ግራና ቀኙ በምን እንደሚታጠር። መውረጃው በተከለለው መሬት ዳር እንጂ በመሃሉ አይለፍ።

ሁለተኛ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ቀበሌ ከብት እዚህ ይግጥ እንደነበር አጣሩ። በልማድ የሚጋሩት ግጦሽ ከሆነ የእነሱን ሽማግሌዎች ሳትጠሩ የወሰናችሁት ውሳኔ ለእነሱ ወረቀት ነው፤ ጠቡ ደግሞ ሐምሌ ላይ ይመጣል። ሁለቱ ምክር ቤቶች አንድ የጋራ ቃለ ጉባኤ ቢፈራረሙ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ቅጣት። መተዳደሪያ ደንቡን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ያጽድቁት፤ ለአንድ በሬ ስንት፣ ለአንድ በግ ስንት፣ ሲደጋገም ስንት የሚለው ቁርጥ ይሁን። የቅጣት ብርም እንደ መዋጮው በደረሰኝ ይግባ፤ ጠባቂው «ሻይ» እየተባለ የሚቀበለው ነገር ደንቡን በአንድ ክረምት ይገድለዋል። ከብት በረት አስገብቶ ማሳደር ያስፈልግ ከሆነ ማን እንደሚመግብና እንደሚያጠጣ ይጻፍ። ቀበሌው በረት ውስጥ የሞተ ጥጃ ዋጋ ይጠየቃል። ደንቡ ሰው ማሰር የሚል ቃል በጭራሽ አይኑረው።

ሣሩ ሲመደብ «እኩል» የሚለው ላይ ትንሽ አስቡበት። ከብት የሌላት እማወራ ድርሻዋን ትሸጥ ወይስ ትለፍ? ትሽጥ ከተባለ ደንቡ ላይ ይግባ። ያልተጻፈ ከሆነ ብዙ ከብት ያለው ሰው ድርሻዋን «አንቺ ምን ታደርጊበታለሽ» ብሎ ይወስደዋል።

ደንብ ይከበር

አዋሳኝ የጻፈውን ሳይ የሚለካው ኮሚቴ ራሱ መኖሩን አረጋግጡ። ብዙ ቦታ የመሬት ኮሚቴው ስሙ ብቻ ነው የቀረው፤ ሰብሳቢው ሞቷል ወይም የካቢኔ አባል ሆኗል። የጎደለ ካለ በሕዝብ ስብሰባ አስመርጡ፣ ሴቶችም ይኑሩበት። በምክር ቤት ጉባኤ ላይ ግን አታስመርጡ፤ የሕዝብ ስብሰባና የምክር ቤት ጉባኤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ፊርማውም ለየብቻ ይያዝ።

የጉባኤ ሰው

ማንም ስላልነካው ስለ ዳኛው ልጨምር። ዕጩውን የሚያቀርበው ሊቀመንበሩ ነው፣ የሚሾመው ምክር ቤቱ። ዕጩው የካቢኔ አባል ከሆነ መጀመሪያ ያንን ይልቀቅ፤ ጠዋት መዋጮ ጠያቂ ከሰዓት በኋላ ዳኛ የሆነ ሰው ፊት ማንም ሙግት አያቀርብም። ማንበብና መጻፍ የሚችል ይሁን፤ የሚሰጠው ፍርድ ይግባኝ የሚባልበት ስለሆነ ጽሑፉ ወረዳ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ስሙ ሲቀርብ እሱ ከአዳራሹ ይውጣና አባላቱ አስተያየት ይስጡ፤ ፊቱ ተቀምጦ ማንም ክፉ አይናገርም።

ከሹመቱ በላይ ርክክቡ ነው የሚዘነጋው። የለቀቀው ዳኛ ቤት መዝገብ መቅረቱ የተለመደ ነው። ያላለቁ መዝገቦች በቁጥርና በተከራካሪ ስም ተዘርዝረው፣ የተቀጠሩበት ቀን ተጽፎ፣ ለቃቂውና ተተኪው በአፈ ጉባኤው ፊት ይፈራረሙ። የኤግዚቢት ዕቃ ወይም በአደራ የተቀመጠ ብር ካለ ለብቻው ይጻፍ። የሥራ አስኪያጁ ሥራ ደግሞ ቀጠሮ ያላቸውን ባለጉዳዮች በጎጥ ተወካይ በኩል ማስጠራት ነው፤ አለዚያ አሮጌው ቀጠሮ ቀን መጥተው በሩ ተዘግቶ ያገኙታል።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ

የወጣቶቹን ጉዳይ ከአጀንዳ 3 አውጥተነዋል፤ ለጎጡ ስብሰባ መጋቢት 12 ተይዟል። የአባላት መዝገብ ማጣራት አጀንዳ 1 ሆኗል። የከብት መውረጃውን ነገር የግብርና ባለሙያው ከጎጡ ሽማግሌዎች ጋር ወጥቶ ሊያየው ነው፤ መሬቱ ላይ ያለው የድሮው መውረጃ በእርሻ ተገፍቶ ጠቧል አሉ። ይህን የገፋ ሰው ጉዳይ ምክር ቤት ይያዘው ወይስ ወደ መሬት ኮሚቴው ይሂድ?

አዋሳኝ

መጀመሪያ ኮሚቴው። መዝገቡ ላይ የማሳው ስፋት ስንት እንደሆነ ከወረዳ አስወጥቶ መሬቱ ላይ ካለው ጋር ያስተያይ። በልጦ ከተገኘ ለሰውየው በጽሑፍ ይነገረው፤ ሰብል ካለበት እስኪያነሳ ጊዜ ይሰጠው፣ ድንበሩም አዋሳኞቹ ባሉበት በድንጋይ ይተከል። እምቢ ካለ ኮሚቴው ልኬቱን ይዞ ለወረዳው ያቅርብ። ምክር ቤቱ የሰውየውን ስም ጠርቶ በድምፅ አይወስንበት፤ ጉባኤው ላይ የሚቀርበው የመውረጃው ስፋት ብቻ ነው።